ጥያቄና መልስ፦ በአውሮፕላን ምን እንብላ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች በሙሉ ከአውሮፕላን ትሪ ጋር የተጣሉ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። በየተራ እንመልስ።

የአዲስ አበባ ነዋሪ ናቸው። የአውሮፕላን ምግብ ገለባ ገለባ ይላቸዋል። ልጃቸው «ከፍታው ነው» ብሏቸዋል፤ እውነት ነው ወይ?

ለእርስዎ አይደለም። የካቢኑ አየር ግፊት የሚስተካከለው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ምሳዎን በየቀኑ የሚበሉት በዚያው ከፍታ ነው። ይህ ሰበብ ለጅቡቲ ሰው ይሠራል። እርስዎን የሚጎዳዎ ድርቀቱ ነው። የካቢን እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ስለሚወርድ አፍንጫ ይደርቃል፤ ሽታ ከጠፋ ደግሞ ጣዕም የለም። የሞተሩ ጩኸትም ጣፋጭነትን ያደበዝዛል። በዚህ ላይ ምግቡ ከሰዓታት በፊት ምድር ላይ በስሎ፣ ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ፣ በአውሮፕላኑ ምድጃ እንደገና የሞቀ ነው። የዶሮ ፍርምባ ይህን ሁሉ አይችልም፤ ይደርቃል። መረቅ ያለው ምግብ ይሻላል፤ ጨው የሚበዛው ግን እዚያው መረቅ ውስጥ ስለሆነ የደም ግፊት ካለብዎ መረቁን ይተዉት።

አብራሪዎቹስ የሚበሉት ያንኑ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ዋናውና ረዳቱ የተለያየ ምግብ ነው የሚሰጣቸው። በ1975 ወደ ኮፐንሃገን በሚበር የጃፓን አውሮፕላን ላይ 197 ሰዎች በተበከለ ምግብ ታመው ነበር፤ ምክንያቱ ይገባዎታል።

በዐቢይ ጾም የበረሩ እናት «አትክልት» ብለው አዝዘው በአይብ የተለወሰ ፓስታ መጣላቸው። ተቆጥተዋል።

ቢቆጡም አይፈረድብዎትም። ግን «አትክልት» የሚባለው ብዙ ዓይነት ነው። «ቪ ኤል ኤም ኤል» (VLML) የሚለው የአየር መንገዶች የምግብ ማዘዣ ኮድ ወተትና እንቁላል ይፈቅዳል፤ ለጾም የሚሆነው «ቪ ጂ ኤም ኤል» (VGML) ነው። ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይዘዙ። ትራንዚት ካለ ለእያንዳንዱ በረራ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ ቲኬት ሲቀየር ትዕዛዙ አብሮ ላይሻገር ይችላል።

የአውሮፕላኑን ትሪ ትቼ ከቤት ምን ልያዝ? ዘመዶቼ ሽሮ ቋጥሪ ይሉኛል።

ሽሮ ወጥ አትያዢ። ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ ይጣላል። ማርና የለውዝ ቅቤም እንዲሁ።

አያቶቻችን ለመንገድ የሚሰንቁት በሶ ዛሬም የሚስተካከለው የለም። ባዶ ጠርሙስ ይዘሽ ፍተሻውን እለፊ፤ ከዚያ ውሃ ግዢ ወይም ቅጂ። ለ300 ሚሊ ሊትር ውሃ 4 የሾርባ ማንኪያ በሶ ይበቃል። መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ ዱቄቱን ጨምረሽ ምቺው፤ ዱቄቱ ከቀደመ ሥር ላይ ይጓጉላል። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ተጨማሪ ፍተሻ ስለሚያስነሳ ለአንድ አንድ ጊዜ የሚሆን በትናንሽ ላስቲክ ቋጥሪ። የወራቱን በሶና በርበሬ በሚጫነው ሻንጣ አድርጊው።

ከእሱ ቀጥሎ ቆሎ፣ ጨው ያልበዛበት፤ ጥርስሽ ካልቻለ ድርቆሽ። እንጀራ ካማረሽ ውሃው በደንብ የተጨመቀ ጎመን ወይም ድንች ጠቅልዪበት። የበሰለ ሥጋና እንቁላል ግን ከማቀዝቀዣ ከወጣ 2 ሰዓት ካለፈው አይበላም፤ ቦሌ ላይ ወረፋ ስትይዢ ብቻ ያልፋል። የእንቁላሉ ሽታ ደግሞ የጎረቤትሽም ጉዳይ ነው። ቋንጣ፣ አይብና ቅቤ ይዞ አውሮፓ መግባት ክልክል ነው፤ ቋንጣውን አሜሪካም አትቀበልም።

ከጅዳ፦ አውሮፕላን ላይ ሆዴ ይነፋል።

ጅዳ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት፤ ሆድ ውስጥ ያለ አየር ካቢን ውስጥ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ይሰፋል። ከበረራው በፊት ባለው ቀን ባቄላ፣ ጥቅል ጎመንና ለስላሳ ይተዉ። ካልተሻለዎ ሐኪም ይጠይቁ።

አባታችን ኢንሱሊን ይወስዳሉ፤ ዋሽንግተን ሊመጡ ነው። ምግቡን ስለማይወዱት «ካልበላሁ መርፌውን ልተወው» ይላሉ።

አይሆንም! በራሳቸው ፈቃድ እንዳይተዉት፣ እንዳይቀንሱትም። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ ወደ ምዕራብ ሲበሩ ቀኑ ይረዝማል፤ የመርፌው ሰዓትና መጠን በዚያ ልክ የሚታሰበው በሚያክማቸው ሐኪም ነው። ከጉዞው 2 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ውሰዷቸው፤ ቁጥሩን ከእኔ አትጠብቁ።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በረዶ ሊሆንና ሊበላሽ ይችላል። ከምግብ ጋር የሚወጉት ፈጣኑ ከሆነ ትሪው ፊታቸው ሳይቀርብ አይወጉት፤ አውሮፕላኑ ከተናወጠ ጋሪው ይቆማል። «የስኳር በሽተኛ ምግብ» ብታዙም ዳቦና ሩዝ ሊኖረው ይችላል። ስኳራቸው ቢወርድ ቆሎ አይደርስላቸውም፤ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ካልተነሣ ይድገሙት። ይህን ለሆስተሷም ገና ሲሳፈሩ ይንገሯት።

ከትሪው የተረፈኝን ፖም አሜሪካ ይዤ ብወርድስ?

ሳያስመዘግቡ ከተያዙ ያስቀጣል። ሳይወርዱ ይብሉት።