ቀኑ ከፊት ይቅደም፦ ስለ ማስታወሻ አያያዝ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የዕለት ማስታወሻዬን በስልክና በላፕቶፕ መያዝ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ጉዳይ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከሰሜን ሸዋ ከየአቅጣጫው ጥያቄ መጣ። በመጡበት ተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ባለ ሱቅ፣ ደብረ ሲና)፦ ስልኬ ላይ ከመቶ በላይ ማስታወሻ አለ። ስማቸው «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «ዕዳ»፣ «ዕዳ የመጨረሻ» ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አሮጌዎቹን ለጊዜው ተዋቸው። ከዛሬ ጀምሮ ለምትጽፈው ብቻ ደንብ አውጣ። ስሙ ላይ መጀመሪያ ዓመት፣ ቀጥሎ ወር፣ ከዚያ ቀን፤ ሁሉም በቁጥር። «2025-11-21 ዕዳ» ብለህ ትጽፋለህ። ከ10 በታች ለሆነ ወርና ቀን ዜሮ ጨምርለት፤ 3 ሳይሆን 03። ዜሮው ከሌለ ብዙ ፕሮግራም 10ን ከ2 በፊት ያስቀምጥብሃል። እንዲህ ከጻፍክ በስም ስትደረድራቸው የጊዜ ተራቸውን ራሳቸው ይይዛሉ። አጻጻፉ አይኤስኦ 8601 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ጥያቄ (ዓለም ከተማ)፦ «ኅዳር 12» ብዬ ብጽፍ ምን ችግር አለው? ለእኔ የሚገባኝ እሱ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ማስታወሻው ውስጥ ጻፊው። ስሙ ላይ ግን አይሁን። ኮምፒውተሩ ወሮቻችንን በፊደል ገበታ ተራ ነው የሚደረድራቸው። ሐምሌ ከመስከረም በፊት ቁጭ ይላል። ጥር ከጥቅምት ይቀድማል። ዓመቱ ይበታተናል።

ሌላም አለ። ዛሬ «ኅዳር» ትያለሽ፣ ነገ «ህዳር»፣ ከነገ ወዲያ «ሕዳር»። ለእኛ አንድ ወር ነው። ለብዙ አፕ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ስትፈልጊ ሌሎቹ አይመጡም። ታኅሣሥማ በሁለቱም በኩል ይፈትናል፦ በሀው በሰውም። ቁጥር ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

ጥያቄ (መምህር፣ መሐል ሜዳ)፦ በእኛ አቆጣጠር ወይስ በፈረንጆቹ?

መልስ፦ መምህር፣ ዋናውን ነገር ጠየቁኝ። እኔም ብዙ ተቸግሬበታለሁ። ሕይወታችን በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሄደው። ትምህርቱ፣ ጾሙ፣ እርሻው፣ ማኅበሩ ሁሉ። አፑ ግን ቀኑን በራሱ የሚሞላው በፈረንጆቹ ነው።

በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቁጥርም ተራውን ጠብቆ ይደረደራል፤ 2017-13-05 ከ2017-12-30 ቀጥሎ ይመጣል። ችግሩ የሚመጣው አፑ ቁጥሩን እንደ ቀን ሲያነበው ነው። 13ኛ ወር አያውቅም። ጥቅምት 30ን «2018-02-30» ብለው ቢጽፉለት ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና የካሌንደር ገጹ ላይ ቦታ አያገኝለትም። ከዚያ የከፋው መቀላቀል ነው። 2017-03-05 የሚል ፋይል ከሁለት ዓመት በኋላ ቢያገኙ ኅዳር 5 ነው ወይስ ማርች 5? በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ።

ስለዚህ እኔ የፋይሉን ስም ለፈረንጁ ቀን ለቀቅሁ። የመጀመሪያው መስመር ደግሞ የእኛው ነው። 2025-11-21 የሚለውን ፋይል ሲከፍቱት «ኅዳር 12፣ 2018፣ ሚካኤል» ይላል። ሌላ ሰው በተቃራኒው ቢያደርግ አልከራከረውም። አንዱን ይምረጡ እንጂ በየወሩ አይቀያይሩ።

ጥያቄ (የገበሬ ልጅ፣ ከአንኮበር አካባቢ)፦ «ሚካኤል» ብሎ መጻፍ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ይሄን ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኛል። አባትህን «በልጉ ዘንድሮ መቼ ጣለ?» ብለህ ጠይቃቸው። «የካቲት 17» አይሉህም። «በኪዳነ ምሕረት ማግስት» ነው የሚሉህ። 16 ኪዳነ ምሕረት ስለሆነ ማግስቱ 17 ነው። እናቶቻችንም እንዲሁ ነው የሚያስታውሱት፤ በጊዮርጊስ ወለደች፣ በባለወልድ ታመመ። አንተም ከዓመታት በኋላ ፍለጋው ላይ የምትጽፈው ያንኑ ቃል ነው። ስለዚህ ቃሉ ማስታወሻው ውስጥ ይኑር።

እግረ መንገዴን አንድ ልለምንህ። በልግ የሚዘራበት አገር ነህና፣ ዝናቡ የጣለበትን ቀን፣ ገብሱ የተዘራበትን፣ ውርጭ የመታበትን ቀን በአንድ በአንድ መስመር ያዝ። ሁሉም ላይ «በልግ» ወይም «ውርጭ» የሚል ቃል አትርሳ። አምስት ዓመት ስትይዝ፣ ቃሉን ፈልገህ ቀኖቹን ጎን ለጎን ታያለህ። አባትህ «ዘንድሮ ዘገየ» ሲሉ በስንት ቀን እንደዘገየ ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብለህ ትቆጥራለህ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የጻፍኩት ለምን በነገው ቀን ይገባብኛል?

መልስ፦ ለአፑ ቀኑ የሚለወጠው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ለአንቺ ግን እስክትተኚ ድረስ ያው ቀን ነው። ከ6 ሰዓት ካለፈ የትናንቱን ገጽ ክፈቺና እዚያ ጻፊ። ሰዓት ስትጽፊም «ሌሊት» ወይም «ቀን» ጨምሪበት። ባዶ 8 ሰዓት ካልሽ የትኛው እንደሆነ በኋላ አታውቂውም።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ አፑ ራሱ የተጻፈበትን ቀን ይመዘግብ የለ? ስሙ ላይ መድገም ለምን?

መልስ፦ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ ስልክ ስቀይር ፋይሎቼን ገለበጥኩ። የሦስት ዓመት ማስታወሻ በሙሉ የገለበጥኩበትን ቀን ይዞ ተገኘ። እያንዳንዱን አንብቤ መቼ እንደጻፍኩት ለመገመት ሳምንታት ፈጀብኝ፤ አንዳንዱን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ስሙ ላይ ያለ ቀን ግን ፋይሉ ቢገለበጥም፣ በፍላሽ ቢሄድም፣ አፑ ቢቀየርም አብሮት ይሄዳል።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ለየወሩ ፎልደር ልክፈት? የትኛውን አፕ ትመክራለህ?

መልስ፦ ለዓመቱ አንድ ፎልደር ይበቃል። እኔ የምጠቀመው ኦብሲዲያን ነው። ማስታወሻውን ስልክህ ወይም ኮምፒውተርህ ላይ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ኔትወርክ ሲጠፋም ይከፈታል። ዴይሊ ኖትስ (የዕለት ማስታወሻ) የሚለውን ብታበራው የዛሬውን ገጽ በዓመት-ወር-ቀን ስም ይከፍትልሃል። ቴሌግራም ላይ ለራስህ የምትልከውም ለጀማሪ መጥፎ አይደለም፤ ፍለጋው ላይ ካሌንደር ስላለ ወደ ፈለግከው ቀን ይወስድሃል።

ጥያቄ (ሳሲት)፦ የአባቴ ደብተር አለ። አንዳንዱ ገጽ ላይ «1977፣ ክረምት» ብቻ ነው የሚለው። እንዴት ላስገባው?

መልስ፦ ለእሱ የብቻው ፎልደር ክፈትለት። ፎልደሩ ስም ላይ «ዓ.ም.» ብለህ ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር ተወው፤ ወደ ፈረንጅ አትመልሰው። ገጹን ፎቶ አንሳና ስሙን «1977 ክረምት» በለው። ፎቶ ያነሳህበትን ቀን አትስጠው። ወሩን ካላወቅህም ከራስህ አትጨምርበት። አባትህ የጻፉት ዓመቱንና ክረምቱን ነው፤ እሱን ብቻ ጻፍ። ጎረቤት ወይም ዘመድ «እሱማ የፍልሰታ ጾም ላይ ነበር» ብሎ ከነገረህ፣ የነገረህን ሰውና የነገረህን ቀን ከሥሩ አስፍር።