ከመግዛታችሁ በፊት ብልሽቱ የት እንዳለ ለዩ፦ የቤት ኮምፒውተራቸውን ራሳቸው ለሚጠግኑ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

ኮምፒውተር በመጠገን ረጅም ዘመን ካሳለፍኩ በኋላ የቤታቸውን ኮምፒውተር ራሳቸው ለሚጠግኑና ለሚያሻሽሉ ወጣቶች የምመክረው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ብልሽቱ የት እንዳለ ሳትለዩ አዲስ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ የሚል ነው። ስክሪኑ ሲጨልም ስክሪን፣ ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ራውተር የሚገዛ ሰው አንዳንዴ ዕድል ይቀናው ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ገንዘቡ ይወጣል፣ ብልሽቱም ባለበት ይቀመጣል። አንድን ዕቃ ፈትቶ መግጠም በጥቂት ቀን ይለመዳል፤ የትኛው ዕቃ እንደሚፈታ ማወቅ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስለ ስክሪን በቅድሚያ ላንሣ፤ ሰዎች ያለ ምክንያት ከሚጥሏቸው ዕቃዎች አንዱ እሱ ነውና። በስክሪኑ ላይ መስመር ሲታይ፣ ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ወይም ቀለሙ ሲዛባ ተጠርጣሪዎቹ ስክሪኑ ራሱ፣ ኬብሉ፣ ምስሉን የሚያዘጋጀው ግራፊክስ ካርድና ሶፍትዌሩ ናቸው። እነዚህን ለመለየት አንድም ብሎን መፍታት አያስፈልግም። በመጀመሪያ በስክሪኑ ላይ ባሉት ቁልፎች የስክሪኑን የራሱን ሜኑ ክፈቱ፤ ይህ ሜኑ ከኮምፒውተሩ የሚመጣ ሳይሆን እዚያው ስክሪኑ ውስጥ የሚዘጋጅ በመሆኑ፣ መስመሩ በሜኑው ላይም አልፎ ከታየ ጥርጣሬው በስክሪኑ ላይ ይወድቃል። ሜኑው ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ምስል ብቻ ከተዛባ ግን ፊታችሁን ወደ ኬብሉና ወደ ኮምፒውተሩ አዙሩ። ቀጥሎም ስክሪንሾት አንሡና በስልካችሁ ተመልከቱት፤ መዛባቱ በስክሪንሾቱ ውስጥ ካለ ምስሉ የተበላሸው ከኮምፒውተሩ ሳይወጣ በፊት ነው፤ ከሌለ ደግሞ ብልሽቱ ከግራፊክስ ካርዱ መውጫ እስከ ስክሪኑ ባለው መንገድ ላይ ይገኛል። ጨርሶ የጨለመ ኤልሲዲ ስክሪን ሲያጋጥማችሁ ክፍሉን አጨልማችሁ የእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ ምስሉ ደብዝዞም ቢሆን ከታየ የጠፋው ከኋላ የሚያበራው መብራት እንጂ ምስሉ አይደለም።

ስለ ኬብል ሲሆን ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው አባባል በትክክል ይሠራል። ወጣቶችን በብዛት የሚያሳስተው መሰኪያው ከገባ ሁሉም ነገር ይሠራል ብሎ ማሰብ ነው። ምስልን ከኮምፒውተር ወደ ስክሪን የሚያስተላልፈው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ በቅርጹ ለዓመታት ባይለወጥም የሚያሳልፈው የዳታ መጠን ግን እንደየትውልዱ ይለያያል፤ ኤችዲኤምአይ 1.4 የ4ኬ (እጅግ ጥርት ያለ) ምስልን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ሲያድስ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው 2.0 እስከ 60 ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 2.1 ደግሞ እስከ 120 ጊዜ ያድሳል። ስለዚህ አዲስ የ4ኬ ስክሪን ገዝታችሁ የማውሱ ቀስት እየተንፏቀቀ ከታያችሁ ስክሪኑን ለመመለስ ከመነሣታችሁ በፊት የኮምፒውተሩን መውጫና የኬብሉን ደረጃ ፈትሹ። የዩኤስቢ ሲ ነገር ከዚህም የባሰ ነው፤ ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጣው ኬብል ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ብቻ የሚያስተላልፍ ሲሆን ምስል የሚያልፍባቸው ሽቦዎች በውስጡ ጭራሽ የሉም፤ የላፕቶፑ ፖርት ራሱም ቻርጅና ፋይል ብቻ የሚያስተላልፍ ሊሆን ይችላል። መለወጫዎችም አቅጣጫ አላቸው፤ ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት (ሌላ ዓይነት የምስል መውጫ) ወደ ስክሪኑ ኤችዲኤምአይ የሚያገናኘው ርካሽ መለወጫ በተቃራኒው ቢሰካ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የስክሪን መሰኪያ ቪጂኤ ደግሞ አናሎግ (ዲጂታል ያልሆነ) ስለሆነ፣ ከኤችዲኤምአይ ወደ እሱ ለማለፍ ሲግናሉን የሚቀይር ኤሌክትሮኒክስ በውስጡ ያለው መለወጫ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሳልጠቅስ የማላልፈው፣ ኮምፒውተራቸው ጥሩ ግራፊክስ ካርድ እያለው የስክሪኑን ኬብል ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ባለው መውጫ የሚሰኩ ሰዎች ብዛት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ካርዱ ሥራ ፈት ይቀመጣል። እንዲሁም በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ ስክሪን ገዝተው ቅንጅቱን በ60 ላይ እንዳለ ትተው የሚጠቀሙ አሉ። ሁለቱም ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ ይስተካከላሉ።

ከገመድ አልባ ዕቃዎችም አንድ ላንሣ። ማውሱ የሚቆራረጥባችሁ ፈጣን ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ 3 ስትሰኩ ብቻ ከሆነ ማውሱን አትውቀሱ፤ የዩኤስቢ 3 ግንኙነት ገመድ አልባ ማውሶችና ዋይፋይ በሚጠቀሙበት የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ አካባቢ ረብሻ ይፈጥራል፤ የማውሱን መቀበያ በአጭር ማራዘሚያ ኬብል ከዚያ ፖርት ማራቅ ይበቃል። በኬብል የሚመጣ ኢንተርኔት ፍጥነቱ ድንገት ከ1000 ወደ 100 ሜጋቢት ከወረደ ደግሞ የሽቦዎቹን ጥንድ ጠርጥሩ፤ ለ1000 ሜጋቢት አራቱም ጥንድ ሲያስፈልጉ ለ100 ሁለቱ ስለሚበቁ፣ ከቀሩት ሁለት ጥንዶች አንዱ ሲላላ መስመሩ ሳይቋረጥ ዝም ብሎ ይዘገያል።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ላይ ምንም የማይመጣበትን ኮምፒውተር በተመለከተ፣ በመጀመሪያ የማዘርቦርዱን የፊሽካ ድምፅ ወይም ትንንሽ መብራቶች ተመልከቱ፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ችግሩ በራሙ ይሁን በግራፊክስ ካርዱ በእነዚህ ይናገራሉ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅላችሁ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡና፣ የሰውነታችሁ ስታቲክ ዕቃውን እንዳይጎዳ የኬዙን ያልተቀባ ብረት ንኩ። ራሞቹን ሁሉ አውጥታችሁ አንዱን ብቻ መያዣው ቀጭ እስኪል ድረስ መልሱት። በአንዱ ከበራ ሌላውን በዚያው ቦታ ሞክሩ፤ ራሙ ተበላሽቶ ይሁን ቦታው የምትለዩት በዚህ ዓይነት መቀያየር ነው። በዚህ ሁሉ መካከል በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ፤ ኬብሉንም ድራይቨሩንም (ዕቃውን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) በአንድነት ለውጣችሁ ችግሩ ቢወገድ የትኛው እንደፈታው አታውቁም፣ በተመለሰ ጊዜም ከዜሮ ትጀምራላችሁ። በነገራችን ላይ ዲዲአር5 የተባለው የራም ትውልድ አዲስ የተገጠመበት ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲበራ ራሙን እየፈተነ ለጥቂት ደቂቃ ስክሪኑን አጨልሞ ሊቆይ ስለሚችል ለማጥፋት አትጣደፉ።

ኮምፒውተርን ማሻሻልም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ በሚዘገይበት ሰዓት በዊንዶውስ ታስክ ማናጀርን (የየክፍሉን ሥራ የሚያሳየውን ፕሮግራም) ከፍታችሁ የትኛው ክፍል እንደሞላ ተመልከቱ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተቸንክሮ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ከሆነ፣ እና ዲስኩ የሚዞረው ዓይነት ከሆነ፣ ወደ ኤስኤስዲ (የሚዞር ክፍል ወደሌለው ፈጣን ማከማቻ) መቀየር በእኔ አስተያየት ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሚደረግ ማሻሻያ ሁሉ የበለጠ ለውጥ የሚታይበት ነው። ሳታ በተባለው አሮጌ ግንኙነት የሚሠራ ኤስኤስዲ በሰከንድ ወደ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ኤንቪኤምኢ በተባለው አዲስ ግንኙነት የሚሠራው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ለተራ የቢሮና የትምህርት ሥራ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዓይን ላይ ብዙም አይታይምና በማስታወቂያው ቁጥር አትማረኩ። ኤምዶት2 የሚባለው ቀጭን ቦታ ሳታ ብቻ ወይም ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚቀበል ሊሆን ስለሚችል የማዘርቦርዱን መመሪያ አስቀድማችሁ አንብቡ። ዲስክ ከመንካታችሁ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ቦታ መገልበጥ የግድ ነው፤ በዚህ ላይ የምጨምረው ቃል የለኝም።

የዴስክቶፕ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ራሞች ሁለቱም 288 ጥርስ ቢኖራቸውም በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተታቸው በተለያየ ቦታ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ እምቢ ያለን ራም በጉልበት አትጫኑ። ሁለት ራም አራት ቦታ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ስትገጥሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ከፕሮሰሰሩ ተነሥቶ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው።

ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ በተመለከተ ግን ምክሬ ጥብቅ ነው። ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) አደገኛ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ራሱን ፓወር ሰፕላዩን አትክፈቱት፤ ከተበላሸ ቀይሩት። ስትቀይሩም ኬብሎቹ የሚነቀሉበት ዓይነት ከሆነ የአሮጌውን ኬብሎች በአዲሱ ላይ አትጠቀሙ፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አደረጃጀት ወጥ ስላልሆነ መሰኪያው ገጥሞ እያለ የተሳሳተ ቮልቴጅ ልኮ ዲስካችሁን ሊያቃጥል ይችላል። የምትተዉትን ኬብል ከአሮጌው ፓወር ሰፕላይ ጋር አንድ ላይ አስራችሁ አስቀምጡ እንጂ ከሌሎች ኬብሎች ጋር አታደባልቁ። የሚሠራ መሆኑን ያረጋገጣችሁት አንድ ኤችዲኤምአይ ኬብልና አንድ ራም ግን ምልክት አድርጋችሁ ለብቻ አኑሯቸው፤ የሚቀጥለውን ብልሽት የምትለዩት በእነሱ ነው።