ግማሽ ሚሊዮንም ሁለት፣ አርባ ሚሊዮንም ሁለት?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ለኮሚቴ ምርጫ ከየብሎኩ አንድ አንድ ሰው ተባለና ግማሹ ቤት ባዶ የሆነው ብሎክም ጢም ብሎ የሞላው የኛ ብሎክም እኩል ሆንን፣ ስጨቃጨቅ አንዱ ጎረቤቴ «አሜሪካም እንዲሁ ነው» አለኝ። እውነት ነው እንዴ? እኛ ሀገርስ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጎረቤትህ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020ው ቆጠራ ከአሜሪካ ስቴቶች (እንደኛ ክልል በላቸው) ዋዮሚንግ 577 ሺ አካባቢ፣ ካሊፎርኒያ 39 ሚሊዮን ተኩል ሰው ነበራቸው፣ ሴኔት ወደሚባለው የአሜሪካ ህግ አውጪ ምክር ቤት የሚልኩት ግን ሁለቱም ሁለት ሁለት ሰው ነው፣ ሲካፈል የአንድ ዋዮሚንግ ነዋሪ ድምፅ የ68 ካሊፎርኒያዊ ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ነገሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ህገ መንግስት ሲያረቁ ነው፣ እነ ደላዌር በህዝብ ብዛት ከሆነማ ትልልቆቹ ይውጡናል አሉ፣ እነ ቨርጂኒያ ደሞ ብዙ ሆነን ለምን እኩል አሉ፣ በመጨረሻ አንዱ ምክር ቤት በህዝብ ቁጥር ሌላው (ሴኔቱ) እኩል ይሁን ብለው ተስማሙ። እኔን ከጠየቅከኝ ህብረቱ እንዳይፈርስ የተከፈለ ዋጋ እንጂ ፍልስፍና ምናምን አይደለም፣ ያኔ ደሞ በቨርጂኒያና በደላዌር መሀል የነበረው ልዩነት 12 እጥፍ አካባቢ ነው፣ 68 አይደለም። አሁን እንቀይረው ቢሉም የህገ መንግስታቸው አንቀፅ 5 ስቴቱ ራሱ ካልተስማማ እኩልነቱ አይነካም ይላል፣ ዋዮሚንግ ደሞ ምን ነክቷት ትስማማለች!

እኛ ጋ ይለያል። በ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀፅ 61 ፌዴሬሽን ምክር ቤት ላይ የሚወከለው ብሄር ብሄረሰብ ነው እንጂ ክልል አይደለም፣ ለያንዳንዱ ቢያንስ አንድ፣ ከዛ ለአንድ አንድ ሚሊዮን ህዝብ አንድ ጭማሪ። ትንሹም ይገባል ትልቁም ይበዛል። ብቻ እንደ ሴኔት ህግ አያወጣም፣ ህገ መንግስት ይተረጉማል፣ የክልሎችን ድጎማ ቀመር ይወስናል (ይሄም ቀላል ነገር አይደለም)። ፓርላማ ላይ ደሞ ከ550 ከማይበልጠው ወንበር ቢያንስ 20ው ለአናሳዎች ነው። አዲስ አበባ ፓርላማ ውስጥ ብትወከልም ፌዴሬሽን ላይ እንደ ከተማ የራሷ ወንበር የላትም፣ ዋሽንግተን ዲሲም ከዋዮሚንግ የበለጠ ህዝብ ይዛ ሴናተር የላትም፣ ስቴት አይደለችማ።

የናንተን ብሎክ እኛ ብንሆን ለየብሎኩ አንድ፣ ከዛ ሰው በገባበት ቤት ልክ ጭማሪ እናደርግ ነበር። ቁልፉን ይዞ ውጭ ሀገር ያለው ባለቤት ይቆጠር አይቆጠር የሚለውን ግን እዛው ተጨቃጨቁበት።