ለብቻ የሄደ እንግዳ፣ በዓል ላይ አስተናጋጅ

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ለጥምቀት ብቻዬን ከጅማ ጎንደር ልሄድ ነው። እንደኔ ያሉ ሰዎች በበዓል በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉት ለምንድን ነው? ልሞክረው?

መልስ፦ ለጨዋታው ነው። ብቻውን የሄደ ሰው ሲያይ ውሎ ራቱንም ብቻውን ይበላል፤ ውኃ ሲያድል የዋለ ግን አብረውት ከለፉት ጋር ይቋደሳል። ይሞክሩት፤ ገመድ ይዞ ሕዝብ ማገድን ግን እሺ እንዳይሉ። ጥር 11 ማለዳ በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ጠበሉ ሲረጭ ሰዉ ወደ ውኃው ይገፋል፤ ገመድ ያዡ መሃል ይቀራል። የጠፉ ልጆችን መቀበል ይሻልዎታል፣ ወንበርም አለው። ለከተራ አልጋ ማግኘት ስለሚከብድ ጥር 8 ይግቡ። ጎንደር ከጅማ ከፍ ይላል፤ ጋቢ ያስፈልጋል። መድኃኒትዎ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስዎ ይሁን፤ መንገዱ በሰው ከተሞላ ወደ ማደሪያ መመለስ የለም።