ባትሪ ላይ የማይነሳ ቨርቹዋል ማሽን

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 11 በተጫነበት ላፕቶፔ ላይ በቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን የሚባል ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም) ኡቡንቱ የተባለውን ስርዓተ ክወና እጠቀማለሁ። ላፕቶፑን ስከፍት አብሮ እንዲነሳ በታስክ ሼጁለር (ሥራዎችን በራሱ በሚያስጀምረው የዊንዶውስ መሣሪያ) አዝዣለሁ። ቻርጀር ሲሰካ ይሠራል፤ መብራት በጠፋ ቀን ግን ዝም ይላል። ላፕቶፑን ሳጠፋም በአግባቡ አይዘጋም መሰለኝ፣ በማግስቱ የፋይል ጥገና መልእክት ያሳየኛል። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ጣጣ ከቨርቹዋልቦክስ አይደለም። ታስክ ሼጁለር ላይ አዲስ ሥራ ሲፈጠር፣ ቻርጀር ካልተሰካ እንዳይጀምር፣ ወደ ባትሪ ከዞረም እንዲቋረጥ ተደርጎ ነው የሚመጣው። «ኮንዲሽንስ» ገጽ ላይ «ፓወር» ከሚለው ሥር ያሉትን እነዚያን ሁለት ምልክቶች ያንሱ። እግረ መንገድዎን «ጄኔራል» ገጽ ላይ ሥራው በራስዎ አካውንት መያዙን ይዩ፤ ቨርቹዋልቦክስ የማሽኖቹን ዝርዝር በየተጠቃሚው ፎልደር ስለሚያስቀምጥ፣ «ሲስተም» በተባለው የዊንዶውስ የራሱ አካውንት ስም የተያዘ ሥራ ማሽኑን አያገኘውም። ሎግ ኢን ካደረጉ በኋላ አንድ ደቂቃ ቢዘገይም ጥሩ ነው።

አዘጋጉ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዊንዶውስ መዘጋት ከጀመረ በኋላ የሚነሳ ታስክ አይሥሩ፤ ዊንዶውስ እስኪጨርስ አይጠብቀውም። ይልቅ ዴስክቶፕ ላይ ባለ ሁለት መስመር ባች ፋይል (ትእዛዞችን በተራ የሚያስፈጽም የጽሑፍ ፋይል) ያስቀምጡና ሁልጊዜ በእሱ ያጥፉ። የመጀመሪያው መስመር በቪቦክስማኔጅ (በቨርቹዋልቦክስ የትእዛዝ መስጫ) ማሽኑን «ሴቭስቴት» ያደርጋል፣ ማለትም ያለበትን ሁኔታ አስቀምጦ ያቆመዋል፣ ሁለተኛው ላፕቶፑን ያጠፋል። ሴቭስቴት የማሽኑን ራም ዲስክ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ ሁለተኛው መስመር አይጀምርም። በእሱ ፋንታ «ኤሲፒአይፓወርበተን» ከጻፉ ግን ትእዛዙ የማጥፊያውን ቁልፍ እንደመጫን ብቻ ነው፤ ወዲያው ይመለሳል፣ ኡቡንቱ ገና ፕሮግራሞቹን እየዘጋ ሳለ ላፕቶፑ ይጠፋበታል። ጠዋት የማስነሻው ትእዛዝ አይቀየርም፤ ማሽኑ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሴቭስቴት ቦታ ይወስዳል፦ 4 ጊጋባይት ራም የተሰጠው ማሽን እስከ 4 ጊጋባይት የሚጠጋ ዲስክ ሊይዝ ይችላል። ማሽኑ በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ የራሙን መጠን መቀየርም አይቻልም። ቨርቹዋልቦክስን ከማሻሻልዎ በፊት ኡቡንቱን ከውስጥ በደንብ ይዝጉት፤ አዲሱ ስሪት በአሮጌው የተቀመጠውን ላይከፍተው ይችላል።

ባትሪ ጨርሶ ሲያልቅ ባች ፋይሉን የሚነካ ሰው የለም። ለዚያ በፓወር ሴቲንግ ውስጥ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ላፕቶፑ «ሃይበርኔት» እንዲያደርግ (ያለበትን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ እንዲጠፋ) ያድርጉት።