የዲባገር ቴስት ሥራ ቀረበልኝ፤ ልቀበል?

ጥያቄ፦ «ኮምፒውተር ሳይንስ ልመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ዲባገር (ሌላ ፕሮግራምን እያስቆመ ውስጡን በማሳየት ስህተት ለመፈለግ የሚያገለግል ፕሮግራም) የሚሠራ አንድ ቡድን ሥራ አቅርቦልኛል። ሥራው ዲባገሩ የተበላሸ ወይም ያልተለመደ የዲባግ መረጃ ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ መፈተሽ ነው። አንድ የዌብ ሥራም አለኝ። ጓደኞቼ ‹ቴስተር ሆነሽ ትቀሪያለሽ፤ ዌቡን ያዢ› ይሉኛል። ሲ ቋንቋ በደንብ እጽፋለሁ፤ ስለ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ ስለሚቀይረው ፕሮግራም) ግን እምብዛም አላውቅም። የቱን ልምረጥ?»

ውድ እህቴ፣

የእኔ መልስ «ተቀበይ» ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ እሱን ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

የጓደኞችሽ ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም። ቴስተር ማለት የተሰጠውን ዝርዝር ይዞ ቁልፍ እየተጫነ «ሠርቷል፣ አልሠራም» የሚል ሰው የሆነባቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ። እዚያ የቆየ ሰው እጁ ላይ የሚቀርለት ሙያ ትንሽ ነው። አንቺ የቀረበልሽ ሥራ ግን በባሕርይው ከዚህ ይለያል። የምትፈትሺበት ፋይል ተሠርቶ አይጠብቅሽም። ራስሽ ነሽ ባይት በባይት የምትሠሪው።

እስቲ ከሥሩ ልጀምር። ፕሮግራም በዲባግ አማራጭ ኮምፓይል ስታደርጊ ኮምፓይለሩ ከማሽን ኮዱ ጎን ሌላ መረጃ ይጽፋል። ይህ አድራሻ የየትኛው ፋይል ስንተኛ መስመር ነው? ይህ ቫሪያብል ሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ማከማቻ) ውስጥ ነው ወይስ ስታክ (ፋንክሽኖች የሚጠቀሙበት የሜሞሪ ክፍል) ላይ? ዓይነቱስ ምንድን ነው? በሊኑክስና በሌሎች ብዙ ሲስተሞች ይህ መረጃ የሚጻፍበት ፎርማት ድዋርፍ ይባላል። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1992 ወጣ፤ አምስተኛው በ2017። ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ የሚቆምበትን ቦታ) ስታስቀምጪም ሆነ የቫሪያብል ዋጋ ስትጠይቂ፣ ዲባገሩ የሚመልስልሽ ኮምፓይለሩ የጻፈውን አምኖ ነው።

ኮምፓይለሩ የተሳሳተ ነገር ቢጽፍስ? ሥራሽ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

መረጃው በተንኮል ብቻ የሚበላሽ አይምሰልሽ። ኮምፓይለር ባግ ይኖርበታል። ኦፕቲማይዜሽን ኮዱን ቆራርጦ ቦታ ሲቀያይር መረጃው አብሮት ሳይሄድ ይቀራል። ሊንከር (የኮዱን ክፍሎች አንድ ፕሮግራም አድርጎ የሚያገጣጥመው) ማንም የማይጠራውን ፋንክሽን ሲያስወግድ የፋንክሽኑ የዲባግ መረጃ እዚያው ሊቀር ይችላል፤ አድራሻው ዜሮ ሆኖ። አዲስ ቋንቋ ሲመጣ ደግሞ ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ ሲያነብ የኖረ ዲባገር አይቶት የማያውቀውን ቅርጽ ይዞ ይመጣል። ተንኮሉም አለ። የቫይረስ ተመራማሪዎች የማያምኑትን ፋይል በዲባገር ይከፍታሉ። ፋይል ሲያነብ ከሜሞሪ ወሰን አልፎ የሚጽፍ ዲባገር ለእነሱ ትልቅ የደህንነት ቀዳዳ ነው።

ከሁሉ አስቀድመሽ መለየት ያለብሽ «ያልተለመደ»ውን እና «የተበላሸ»ውን ነው። ያልተለመደ ስል ስታንዳርዱ የሚፈቅደው፣ ግን ብዙ የማይታይ ማለቴ ነው። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠራውን የፋንክሽን ክፍል ቆርጦ ሩቅ ቦታ ሊያስቀምጠው ይችላል። አንድ ፋንክሽን በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ይገኛል ማለት ነው፤ ፍጹም ሕጋዊ ነው። የመስመር ቁጥር ዜሮም ሕጋዊ ነው፤ «ይህ ትእዛዝ የየትኛውም የሶርስ መስመር አይደለም» ለማለት ይጠቅማል። የተበላሸ የሚባለው ርዝመቱ ከፋይሉ የሚያልፍ ክፍል፣ ምንም ወደሌለበት የሚጠቁም ማጣቀሻ፣ እንዲህ ያለው ነው። ያልተለመደውን ዲባገሩ በትክክል ማስተናገድ አለበት። ለተበላሸው ደግሞ ችግሩን ተናግሮ ሥራውን መቀጠል አለበት።

ልዩነቱ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። አንድ ቫሪያብል «ከዚህ አድራሻ እስከዚህ ሬጂስተር ውስጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ ስታክ ላይ ነው» ተብሎ በክልል በክልል ሊገለጽ ይችላል። ሁለት ክልሎች ተደራርበው የተለያየ ቦታ ቢናገሩስ? አብዛኛው ሰው «ተበላሽቷል» ይላል። ድዋርፍ ግን ይፈቅደዋል፤ ቫሪያብሉ በዚያ ሰዓት ሁለቱም ቦታ ላይ አለ ማለት ነው። ስታንዳርዱን ሳያነብ ቴስት የጻፈ ሰው ዲባገሩ ይህን እንዲጥለው ያስገድዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ፕሮግራመር ደግሞ ቴስቱን አምኖ ትክክለኛውን ኮድ ያበላሻል። ስለዚህ ማንበብ የሥራሽ ግማሽ ነው።

አሁን አንዱን ቴስት ከቅርብ ላሳይሽ። ሲ ላይ ታይፕዴፍ (ለአንድ ዓይነት ሌላ ስም መስጫ) ስትጽፊ በድዋርፍ ውስጥ አንድ መዝገብ ይፈጠራል። መዝገቡ ውስጥ «ዋናው ዓይነት እዚያ ነው» የሚል፣ ብዙውን ጊዜ አራት ባይት የሆነ ጠቋሚ አለ። ያ ጠቋሚ ራሱን መዝገቡን ቢያመለክትስ? ዲባገሩ ዋናውን ዓይነት ፍለጋ ይሄዳል፤ ዞሮ እዚያው ይመጣል፤ እንደገና ይሄዳል። ካልተጠነቀቀ ወይ ስታኩ ሞልቶ ይወድቃል፣ ወይ ሃንግ አድርጎ ይቀራል።

ይህን ዛሬ ማታ መሞከር ትችያለሽ። ታይፕዴፍ ያለባት አሥር መስመር የሲ ፕሮግራም ጻፊ። ጂሲሲን ከዲባግ መረጃ ጋር አሴምብሊ (የማሽን ኮዱ በሚነበብ ጽሑፍ) ላይ እንዲያቆም እዘዢው። «ማይነስ ዲኤ» የሚለውን አማራጭ ከጨመርሽ በየመስመሩ ጎን ምንነቱን በኮሜንት ይጽፍልሻል። የታይፕዴፉን መዝገብ ፈልጊ። የጠቋሚውን ቁጥር አጥፍተሽ የመዝገቡን የራሱን ቁጥር ጻፊበት። አሴምብል አድርጊና ጂዲቢ በሚባለው ዲባገር ክፈቺው፤ ከዚያ የቫሪያብሉን ዓይነት ጠይቂው። ያኔ «ቴስተር» የሚለው ቃል ስለዚህ ሥራ ምን ያህል ትንሽ እንደሚናገር ይገባሻል።

ሌላኛውን ምሳሌ ደግሞ በጣም ነው የምወደው። የመስመር ሠንጠረዥ የምንለው ፋይሉ ውስጥ እንደ ሠንጠረዥ አልተቀመጠም። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል በትንሽ ፕሮግራም መልክ ነው የተጻፈው። ዲባገሩ ያንን ፕሮግራም እያሄደ ሠንጠረዡን ይገነባል። አንዲት ባይት ብቻ አድራሻውንም የመስመር ቁጥሩንም ባንዴ ልታንቀሳቅስ ትችላለች። ከባይቷ ላይ አንድ መነሻ ቁጥር ይቀነሳል፤ የቀረው ለሌላ ቁጥር ይካፈላል፤ ድርሻው ለአድራሻው፣ ቀሪው ለመስመሩ ይውላል። አካፋዩ ሠንጠረዡ ራስጌ ላይ በአንድ ባይት የተጻፈ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 14 ሆኖ ታገኚዋለሽ። በሄክስ ኤዲተር ከፍተሽ 0 አድርጊው። ዲባገሩ ሳያጣራ ካካፈለ በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ እዚያው ይሞታል።

እሺ፣ እንዳይወድቅ አደረግን እንበል። ከዚያስ ምን ያድርግ? ፕሮግራሙ ከሺህ ፋይሎች ቢሠራና የአንዱ ራስጌ ብቻ ቢበላሽ፣ ተጠቃሚው የቀሩትን ከማየት መከልከል የለበትም። ችግሩ የት ፋይል ላይ፣ ስንተኛው ባይት ላይ እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። ያው አንድ ማስጠንቀቂያ እየተደጋገመ ስክሪኑን እንዲሞላበትም አንፈልግም። ጂዲቢ እንዲህ ያሉትን ቅሬታዎች ካላዘዝሽው በስተቀር አያሳይም። ስንት ቅሬታ ያሳይ የሚለውን የምትወስኚበት ትእዛዝ አለው፤ ለቴስት ስትሠሪ ቁጥሩን ከፍ ታደርጊዋለሽ። ስታንዳርዱ ትክክለኛው መረጃ ምን እንደሚመስል ይነግርሻል። የተሳሳተ ሲመጣ አንባቢው ምን ይበል የሚለውን ግን ባብዛኛው ለአንባቢው ይተወዋል። «የሚጠበቀው መልስ ይህ ነው» ብለሽ ቴስቱ ላይ የምትጽፊያት መስመር እንግዲህ የአንቺ ውሳኔ ናት። ይህን ሥራ የማከብረው በዚህ ነው።

የሚያስፈራኝ ነገር ደግሞ ከመውደቅ የባሰ ነው። ዲባገር ሲወድቅ ይታያል፤ ሰው ሪፖርት ያደርጋል፤ ይስተካከላል። የተበላሸ መረጃ አንብቦ ምንም ሳይል የተሳሳተ ዋጋ የሚያሳይ ዲባገርስ? አንድ ፕሮግራመር ያንን ቁጥር አምኖ፣ የሌለ ባግ ሲፈልግ ሌሊቱን ሊያነጋ ይችላል። «ይህን ቫሪያብል ማሳየት አልችልም» የሚል መልስ በስንት ጣዕሙ! ስለዚህ ቴስትሽ «አልወደቀም» ላይ አይቁም። የታየውን ዋጋ ራሱን ያረጋግጥ።

ፈዚንግ ላይ ያለኝ አስተያየትም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ፈዘር የሚባለው ፕሮግራም ፋይሉን በዘፈቀደ እያበላሸ ያለማቋረጥ ይሞክራል። ከአድረስ ሳኒታይዘር ጋር ሲሆን ደግሞ የሜሞሪ ጥፋቶችን አድኖ ያመጣልሻል። ተጠቀሚበት። ነገር ግን ፈዘር ውሸትን አያውቅም፤ ለእሱ ያልወደቀ ሁሉ ደህና ነው። ያገኘልሽን ፋይል አሳንሰሽ፣ ምክንያቱ ገብቶሽ፣ በእጅሽ አጭር ቴስት አድርገሽ እስክትጽፊው ድረስ ሥራው አላለቀም።

ስለ መሣሪያዎቹ ብዙ አልልም፤ ሥራ ላይ ትለምጃቸዋለሽ። የጂዲቢ ቴስቶች ዴጃግኑ በሚባል ማዕቀፍ፣ በቲሲኤል ቋንቋ ይጻፋሉ። ውስጡ «ድዋርፍ አሴምብለር» የሚሉት ላይብረሪ አለ፤ የምትፈልጊውን መረጃ በቲሲኤል ትገልጪለታለሽ፣ እሱ አሴምብሊውን ያወጣልሻል። የኮምፓይለር ቨርዥን በተቀየረ ቁጥር ቴስትሽ አይረበሽም። ኤልኤልዲቢ በሚባለው ሌላ ዲባገር በኩል ደግሞ ያምል በሚባል የጽሑፍ ፎርማት የገለጽሽውን ወደ ኦብጀክት ፋይል የሚቀይር መሣሪያ አለ። የዴጃግኑን የውጤት ስሞች ግን ከመጀመሪያው ቀን ለዪያቸው። «ኤክስፌይል» ጥፋቱ ከዲባገሩ ውጭ ነው፣ ለምሳሌ ከኮምፓይለሩ፣ ሲባል ነው። «ኬፌይል» የራሱ የዲባገሩ የታወቀ ባግ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ የዲባገሩን ባግ በሌላ ሰው ማላከክ ነው።

ወደ ቅድመ ሁኔታው ልምጣ። ከመፈረምሽ በፊት ቡድኑን እነዚህን ጠይቂ። ባግ ሳገኝ ማስተካከያውን ራሴ መጻፍ እችላለሁ? ቴስቶቹ ከዲባገሩ ኮድ ጋር አንድ ላይ ተቀምጠው እንደ ኮድ ሪቪው ይደረጋሉ? «ዲባገሩ እዚህ ጋ ምን ይበል?» የሚል ክርክር ሲነሳ ቴስቱን የጻፈው ሰው ይሳተፋል? መልሳቸው «አንቺ ሪፖርት ብቻ ታደርጊያለሽ፤ ሌላው የእኛ ነው» ከሆነ ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። ያኔ ዌቡን ያዢ።

ጉድለቱንም አልደብቅሽም። ዘርፉ ጠባብ ነው። የዌብ ሥራ ማስታወቂያ በየቀኑ ይወጣል፤ የዲባገር ግን ጠብ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ጂዲቢ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ከሬድ ሃት፣ ከኢንቴል፣ ከአርም፣ ከኤኤምዲ፣ ከአዳኮር ናቸው፤ ኤልኤልዲቢን የጀመረው ደግሞ አፕል ነው። በዚህ ብቻ ካሰብሽው በሩ ጥቂት ነው። ሙያው ግን ዲባገር ላይ አይቆምም። ፕሮፋይለሮች (ፕሮግራም ጊዜውን የት እንደሚያጠፋ የሚለኩ መሣሪያዎች) ያንኑ መረጃ ያነባሉ። ክራሽ ሪፖርት የሚሰበስቡ ሲስተሞች ያነቡታል። ኮምፓይለሮች ይጽፉታል። የማይታመን ባይናሪ ፋይል በጥንቃቄ ማንበብ የለመደ ሰው ደግሞ በሳይበር ደህንነትም ይፈለጋል። እኔ እንደማየው ከዚህ ወደ ዌብ መሻገር ካስፈለገሽ ትችያለሽ። ከዌብ ወደዚህ መመለስ ግን ከበድ ይላል፤ ለጀማሪ እንዲህ ያለ በር ቶሎ ቶሎ አይከፈትም።

ሥራው በአብዛኛው በአደባባይ መሆኑም ጥቅም አለው። ጂዲቢም ኤልኤልዲቢም ክፍት ሶርስ ናቸው። የጻፍሽው ቴስት ከስምሽ ጋር ይቀመጣል፤ ቀጣሪ ገብቶ ያነበዋል። ኤልኤልዲቢ በጊትሃብ ፑል ሪኩዌስት ይቀበላል። ጂዲቢ ላይ ከጥቃቅን ማስተካከያ ያለፈ ነገር ለማበርከት ኮፒራይቱን ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የሚያስተላልፍ ወረቀት መፈረም አለ። ቀጣሪሽም መፈረም ሊኖርበት ይችላል፤ ስለዚህ በጊዜ ጠይቂ። ሲቪሽ ላይ ደግሞ «ቴስተር» ብለሽ ብቻ አትለፊ። የትኛውን የድዋርፍ ክፍል እንደፈተሽሽ፣ ምን እንዳገኘሽ፣ ምን እንዳስተካከልሽ ጻፊ።

ኮምፓይለር አላውቅም ያልሽው አያስጨንቅሽ። የምትጀምሪው ኮምፓይለሩ ከጻፈው እንጂ ከውስጡ አይደለም። የድዋርፍ 5 ስታንዳርድ በነፃ ይገኛል። ከ400 ገጽ በላይ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ላንብበው አትበይ። ምዕራፍ 2 አጠቃላይ አወቃቀሩን ይሰጥሻል። ከምዕራፍ 6 የመስመር ሠንጠረዡን፣ ከምዕራፍ 7 ደግሞ ባይቶቹ እንዴት እንደሚቀመጡ አንብቢ። ጎን ለጎን የራስሽን ትንሽ ፕሮግራም ሪድኤልፍ በሚባል መሣሪያ እየከፈትሽ ያነበብሽውን በዓይንሽ አረጋግጪ። ሲ በደንብ የሚጽፍ ሰው ይህ አያቅተውም።

ቡድኑን ልታነጋግሪ ስትሄጂ የታይፕዴፉን ሙከራ ይዘሽ ሂጂ። የቀየርሽውን ቁጥርና ዲባገሩ የመለሰውን አሳዪያቸው፤ መመለስ ነበረበት የምትይውንም ከነምክንያቱ ጻፊላቸው። ካልተስማሙ ስታንዳርዱን ገልጠሽ ተከራከሪያቸው። እንዴት እንደሚከራከሩሽ ልብ ብለሽ ስሚ፤ ለሦስቱ ጥያቄዎችሽ ከሚሰጡሽ መልስ እኩል ስለ ቡድኑ ይነግርሻል።