እናትዎን ይዘው ወደ ቬላንካኒ ከመሄድዎ በፊት

እኅቴ፣ ለሕክምና ሕንድ፣ ቼናይ ከተማ የመጡትን እናትዎን ለእመቤታችን በዓል ወደ ቬላንካኒ፣ በባሕር ዳር ወዳለው የካቶሊኮች የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ ለመውሰድ አስበው ምክር መጠየቅዎን አነበብኩ። እኔም አባቴን ከቀዶ ሕክምናቸው ካገገሙ በኋላ ወስጃቸው ስለነበር የሚጠቅምዎትን ልጻፍልዎት።

1. በበዓሉ ሰሞን አይሂዱ። በዓሉ ባንዲራው ከሚሰቀልበት ከኦገስት 29 እስከ ሴፕቴምበር 8፣ በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 23 እስከ ጳጉሜን 3 ይቆያል። ብርቱካናማ ልብስ የለበሱ ምዕመናን ከሩቅ ከተሞች በእግራቸው እየመጡ መንደሩን ስለሚሞሉት፣ ለታመመ ሰው መቀመጫ ቀርቶ መቆሚያም አይገኝም። ቤተ ክርስቲያኑ ሌላም ጊዜ ክፍት ነው፤ ስእለትም ቀን አይመርጥም።

2. ከቼናይ የሌሊቱን ባቡር እስከ ናጋፓቲናም ከተማ ይያዙ፤ ለእናትዎ የታችኛውን መኝታ ይጠይቁ። ከዚያ ቬላንካኒ በታክሲ ቅርብ ነው።

3. ማደሪያ። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። እኛ በስልክ ተነጋግረን፣ ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ተናግረን፣ ቀብድም ከፍለን ነበር የሄድነው። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ግን ፓስፖርታችንን ገና ሲያየው በጣቱ ጫፍ ወደ እኔ ገፋውና «የውጭ ሰው አናሳድርም» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። በሕንድ የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ቤት ሁሉ፣ ሰዎች ፎርም ሲ በሚሉት ቅጽ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማሳወቅ ስላለበት ትናንሽ ማደሪያዎች ከጣጣው ለመሸሽ እንግዳ ይመልሳሉ። መመለሱን እንኳ ይቅር ልበለው፤ የእኔን ደም ያፈላው ቀብዱን ሲቀበል ዝም ማለቱና ሻንጣ ላይ ለተቀመጡ በሽተኛ ሽማግሌ ወንበር እንኳ አለማቅረቡ ነው። ባለቤቱ ተጠርቶ እስኪመጣ ከመስኮቱ ሥር አልተነቃነቅሁም፤ ገንዘቤንም እስከ መጨረሻዋ ሩፒ ተቀብዬ ነው የወጣሁት። ስለዚህ እርስዎ የፓስፖርቱንና የቪዛውን ፎቶ አስቀድመው ይላኩ፤ «እንቀበላለን» የሚል የጽሑፍ መልስ ሳያገኙ አንዲት ሩፒ አይክፈሉ። ዋናውን ፓስፖርት ይያዙ፤ የሆስፒታል ካርድ ምንም አይፈይድም።

4. ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ችግር የለም። አባቴ የቁልቢ ስእለተኛ ስለሆኑ ሳሪ የለበሰችውን የእመቤታችንን ምስል ሲያዩ ጥቂት ግር ቢላቸውም፣ የዳነውን የሰውነት ክፍል ቅርጽ፣ እጅ ወይም ዓይን፣ ገዝቶ የሚያስገባውን ሕዝብ ሲያዩ ግን «ይሄስ የእኛው ነው» አሉ። ከሰልፉ መካከል ሂንዱዎችና ሙስሊሞችም ነበሩ። የተሳሉ ሰዎች በጉልበታቸው የሚሄዱበት የአሸዋ መንገድ አለ፤ አባቴም ካልሞከርኩ ብለው ነበር፤ ስፌቱን አስታውሼ በእግራቸው እንዲሄዱ ለመንኳቸው። እናትዎም መጠየቃቸው አይቀርምና ሐኪማቸውን አስቀድመው ያማክሩ፤ አሸዋው ሳይግል በማለዳ ይውጡ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ቅዳሴውን ማስቀደስ ትችላላችሁ፤ ቁርባኑ ግን ለካቶሊካውያን ነው።

ቀኑን ሲወስኑ በግል ይጻፉልኝ፤ የተቀበለንን ማደሪያ ስልክ እልክልዎታለሁ፤ እንዳይሳሳቱም የመለሰንን ስም ጭምር።